በጥንታውያን ክርስቲያኖች መልእክቶች ውስጥ ያለውን ሰላምታ እንዴት ማንበብ ይገባል?

የሐዋርያትን መልእክቶች የሚያነቡ ብዙ ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቁጥሮች በጥድፊያ አልፈው «ትምህርቱ» ወደሚጀምርበት ቦታ ይሄዳሉ፤ በመጨረሻም ለእገሌና ለእገሊት ሰላምታ አቅርቡልኝ የሚለው ዝርዝር ላይ ሲደርሱ መጽሐፉን ይዘጋሉ። ይህ ልማድ ብዙ ነገር ያሳጣናል ብዬ በጽኑ አምናለሁ። የሚናገረው ማን እንደ ሆነ፣ በምን ሥልጣን እንደሚናገር፣ ለማን እንደሚናገር፣ ሲነበብም እነማን ቆመው እንደሚሰሙ በአብዛኛው የሚታወቀው ከሰላምታው ነው፤ ይህ ሳይታወቅ የተነበበ ትምህርት ደግሞ ሰሚ እንደሌለው ንግግር ይሆናል። ከዚህ በታች የማቀርበው አንድ ምእመን ወይም ተማሪ መጽሐፍ ቅዱስን፣ እርሳስንና ወረቀትን ብቻ ይዞ ሊከተለው የሚችለው የንባብ መንገድ ነው። የመንገዱ ዋና ሐሳብ አንድ ነው፦ በመጀመሪያ ሁሉም ሰው ይጽፈው የነበረውን የተለመደ ሰላምታ እንወቅ፤ ከዚያም ጸሐፊው በዚያ ልማድ ላይ የጨመረውን፣ የቀነሰውንና የለወጠውን እንመልከት። ጸሐፊው በተለይ ሊናገረው የፈለገው ነገር የሚገኘው ከልማዱ በወጣበት ቦታ ነውና።

የዘመኑን ልማድ ማወቅ

በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የሚጻፍ ተራ ደብዳቤ የሚከፈተው በጣም አጭር በሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፤ እርሱም «እገሌ ለእገሌ፤ ሰላም» የሚል ነው። የላኪው ስም ይቀድማል፣ የተቀባዩ ስም ይከተላል፣ ከዚያም «ደስ ይበልህ» የሚል ትርጉም ያለው አንድ የሰላምታ ቃል ይመጣል። ይህን ቅርጽ ለማየት ከአዲስ ኪዳን መውጣት እንኳ አያስፈልግም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 23 ላይ የሮማው ሻለቃ ቀላውዴዎስ ሉስዮስ ስለ ጳውሎስ ለአገረ ገዥው ለፊልክስ የጻፈው ደብዳቤ በዚሁ መልክ ይጀምራል፤ በምዕራፍ 15 ላይ በኢየሩሳሌም የተሰበሰቡት ሐዋርያትና ሽማግሌዎች ከአሕዛብ ወገን ላመኑት የላኩት ደብዳቤም እንዲሁ ነው፤ የያዕቆብ መልእክትም ይህንኑ የተለመደ ቃል ይጠቀማል። እነዚህን ሦስት ቦታዎች አስቀድሞ ማንበብ መለኪያውን በእጅ እንደ መያዝ ነው።

ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ደግሞ በግብፅ ደረቅ አሸዋ ውስጥ ተጠብቀው የተገኙ በፓፒረስ፣ ማለትም ከደንገል ተክል በተሠራ ወረቀት፣ የተጻፉ በርካታ ደብዳቤዎች አሉ። ከእነርሱ መካከል በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፒዮን የሚባል ግብፃዊ ወጣት የሮም ባሕር ኃይል ወታደር ሆኖ ከኢጣልያ ወደብ ከሚሴኑም ለአባቱ ለኤጲማኮስ የጻፈው በብዙ ጥናቶች ይጠቀሳል። ወጣቱ ከመክፈቻው ሰላምታ በኋላ «ከሁሉ አስቀድሞ» አባቱ በጤና እንዲኖር እንደሚመኝ ይጽፋል፤ ቀጥሎም በባሕር ላይ አደጋ በገጠመው ጊዜ ስላዳነው «ጌታ» የሚለውን የግብፅ ጣዖት ሴራፒስን ያመሰግናል፤ በመጨረሻ ለዘመዶቹና ለወዳጆቹ በስም እየጠራ ሰላምታ ያቀርባል፤ አብረውት ያሉ ባልደረቦቹም ሰላምታቸውን በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጨምረዋል። የአገራችን የደብዳቤ ልማድ «ይድረስ ለ…» ብሎ ጀምሮ «ለጤናህ እንደምን አለህ፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» የሚልበትንና ቤተ ዘመዱን በየስሙ ጠይቆ የሚዘጋበትን ሥርዓት ለሚያስታውስ አንባቢ የአፒዮን ደብዳቤ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ በእኛ ተቀባዩ ሲቀድም በእነርሱ ላኪው መቅደሙ ነው፤ ስለዚህ ጳውሎስ የራሱን ስም አስቀድሞ መጻፉን እንደ ትዕቢት የሚቆጥር ሰው ቢኖር የዘመኑን ሥርዓት ብቻ እንደ ተከተለ ይወቅ።

ከዚህ ጎን ለጎን የአይሁድና የምሥራቁ ዓለም ልማድ አለ፤ በዚያ የሰላምታው ልብ «ሰላም» ነው። በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 5 ለንጉሡ ለዳርዮስ የተላከው ደብዳቤ ሙሉ ሰላምን በመመኘት ይጀምራል፤ በትንቢተ ዳንኤልም የናቡከደነፆር አዋጅ ሰላም እንዲበዛ በመመኘት ይከፈታል። ሁለቱን ልማዶች ያጣመረ ደብዳቤም አለ፤ በግሪክኛው ሁለተኛ መጽሐፈ መቃብያን መጀመሪያ ላይ የኢየሩሳሌም አይሁድ በግብፅ ላሉ ወንድሞቻቸው የግሪኩን የተለመደ ሰላምታና የአይሁዱን ሰላም አንድ ላይ ይልካሉ። እዚህ ላይ አንባቢው እንዳይሳሳት ማሳሰብ አለብኝ፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በቀኖናዋ የምትቀበላቸው መጻሕፍተ መቃብያን ከእነዚህ የግሪክኛ መጻሕፍት የተለዩ ናቸውና ይህን ደብዳቤ በእነርሱ ውስጥ ቢፈልገው አያገኘውም።

ጳውሎስ በልማዱ ላይ ያደረገው ለውጥ

አሁን «ከእግዚአብሔር ከአባታችን ከጌታም ከኢየሱስ ክርስቶስ ጸጋና ሰላም ለእናንተ ይሁን» የሚለውን ደጋግመን የሰማነውን ቃል በአዲስ ጆሮ ልናዳምጠው እንችላለን። በግሪኩ ልማድ አንድ የሰላምታ ቃል በሚቀመጥበት ስፍራ ጳውሎስ ከዚያ ቃል ጋር በድምፅ የሚቀራረበውን «ጸጋ» አስገባ፣ ከአይሁድ ልማድም «ሰላም»ን ወስዶ አጠገቡ አኖረ። የቃላቱ መቀራረብ ደስ የሚል ቢሆንም ከእርሱ ይልቅ ክብደት ያለው ሌላ ለውጥ አለ። ተራው ሰላምታ የላኪው ምኞት ብቻ ነው፤ የጳውሎስ ሰላምታ ግን ጸጋውና ሰላሙ ከማን እንደሚመጣ ይናገራል። ሰጪው እግዚአብሔር አብና ጌታ ኢየሱስ ክርስቶስ ሲሆኑ ጳውሎስ በመካከል ቆሞ ያደርሳል። ስለዚህ ሰላምታው ቡራኬ ሆኗል፤ በጉባኤ ፊት ጮክ ተብሎ ሲነበብም ሰሚዎቹ ጸሎት እንደሚደረግላቸው ሰዎች ይቀበሉታል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የኢየሱስ ስም ከአብ ስም ጋር የጸጋ ምንጭ ሆኖ መጠራቱ የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ስለ ጌታቸው ምን ያምኑ እንደ ነበር ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ ያሳያል፤ ማንም ሳይከራከርበት በሰላምታ ውስጥ የሚነገር ነገር ጸሐፊውም ሰሚውም የተስማሙበት ነውና።

ይህን ካስተዋልን በኋላ ልዩነቶቹን እንመዝግብ። እ.ኤ.አ. በ50 ገደማ እንደ ተጻፈ በሚታሰበውና ከሁሉ ቀዳሚ ነው ተብሎ በብዙዎች በሚገመተው በአንደኛ ተሰሎንቄ፣ በጥንታውያን ቅጂዎች መሠረት፣ ሰላምታው አጭር ነው፤ «ጸጋና ሰላም ለእናንተ ይሁን» ብሎ ያበቃል። በኋለኞቹ መልእክቶች ቀመሩ ሞልቶ እናገኘዋለን። ለጢሞቴዎስ በተጻፉት ሁለት መልእክቶች ደግሞ በጸጋና በሰላም መካከል «ምሕረት» ይገባል። በጴጥሮስ መልእክቶች ጸጋና ሰላም «ይብዛላችሁ» ይባላል፤ ይህም የዳንኤልን አነጋገር ያስታውሳል፤ አንደኛው የጴጥሮስ መልእክት በጳንጦስ፣ በገላትያ፣ በቀጰዶቅያ፣ በእስያና በቢታንያ ተበትነው በእንግድነት ለሚኖሩ የተጻፈ ስለሆነ በስደት ዘመን የተነገረው የዳንኤል ቃል ለእነርሱ የተስማማ ነበር።

መክፈቻውን ከመልእክቱ አካል ጋር ማስተያየት

ቀጣዩ ሥራ የእያንዳንዱን መልእክት መክፈቻ በወረቀት ላይ በሦስት ከፍሎ መጻፍ ነው፦ ላኪው ስለ ራሱ ምን አለ፣ ስለ ተቀባዮቹ ምን አለ፣ በሰላምታው ላይ ምን ጨመረ። ከዚያም መልእክቱን እስከ መጨረሻው አንብቦ የተጨመረው ቃል በየት ተመልሶ እንደ መጣ መፈለግ ነው።

ለዚህ ከገላትያ የተሻለ መለማመጃ የለም። ጳውሎስ ስሙን ከጻፈ በኋላ ሐዋርያነቱ ከሰዎች እንዳልሆነ፣ በሰውም በኩል እንዳልመጣ ወዲያው ይናገራል፤ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ክርክር ውስጥ ገብቷል። ሙሉውን ምዕራፍ አንድ ያነበበ ሰው ምክንያቱን ያገኘዋል፤ ወንጌሉን ከሰው ተምሮታል፣ ሥልጣኑም ከኢየሩሳሌም የተዋሰው ነው የሚሉ ሰዎች በገላትያ ተነሥተው ነበርና። ስለ ተቀባዮቹስ ምን ይላል? በሌሎች መልእክቶች «ቅዱሳን»፣ «የተጠሩ»፣ «በእግዚአብሔር የተወደዱ» የሚሉ ማዕረጎች ሲደረደሩ እዚህ «ለገላትያ አብያተ ክርስቲያናት» የሚል ደረቅ አድራሻ ብቻ ነው። ከሰላምታው በኋላ አፒዮን ሴራፒስን ባመሰገነበት ስፍራ ጳውሎስ ዘወትር አምላኩን ስለ ተቀባዮቹ ያመሰግናል፤ በገላትያ ግን ምስጋናው የለም፤ በእርሱ ፋንታ እንዲህ ፈጥናችሁ ወደ ሌላ ወንጌል መዞራችሁ ያስደንቀኛል የሚል ተግሣጽ ይወርዳል። በመጨረሻውም ለአንድም ሰው በስም ሰላምታ አልቀረበም። ይህን ሁሉ ያላስተዋለ አንባቢ የገላትያን ቁጣ የሚሰማው ከምዕራፍ ሦስት «የማታስተውሉ» ከሚለው ቃል ጀምሮ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች ግን ከመጀመሪያው ትንፋሽ ጀምረው ሳይደነግጡ አልቀሩም።

ፊልጵስዩስን አጠገቡ አድርገን ብናነብ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። እዚያ ጳውሎስ ሐዋርያ መሆኑን አያነሳም፤ ራሱንና ጢሞቴዎስን «የኢየሱስ ክርስቶስ ባሪያዎች» ብሎ ይጠራል። ከሚወዳቸውና በችግሩ ከረዱት ሰዎች ጋር ሥልጣን ማንሣት አላስፈለገውም፤ በምዕራፍ ሁለት ደግሞ ክርስቶስ የባሪያን መልክ መያዙን የሚናገረው ታላቅ ክፍል ሲመጣ መክፈቻው ወዴት ሲመራን እንደ ነበር እንረዳለን። የአንደኛ ቆሮንቶስ መክፈቻ በሌላ መንገድ የሚያስተምር ነው። የቆሮንቶስ ማኅበር በወገን የተከፋፈለና በራሱ ስጦታ የሚመካ ነበር፤ ጳውሎስ ገና በሰላምታው ቅዱሳን ለመሆን የተጠሩት «በየስፍራው» የጌታን ስም ከሚጠሩት ሁሉ ጋር እንደ ሆነ ይነግራቸዋል። የሮሜ መክፈቻ ደግሞ ከሁሉ ይረዝማል፤ ከጳውሎስ ስም እስከ ሰላምታው ሰባት ቁጥሮች አሉ፤ ያልጎበኛትን ከተማ የሚያናግር ሰው ስለ ወንጌሉ አስቀድሞ መናገር ነበረበት።

ከጳውሎስ ስም ጋር የሚጻፉትን ስሞችም ማለፍ አይገባም። ስልዋኖስና ጢሞቴዎስ በተሰሎንቄ መልእክቶች፣ ሶስቴንስ በአንደኛ ቆሮንቶስ፣ ጢሞቴዎስ በፊልሞና ከላኪዎቹ ጋር ተቆጥረዋል። በዘመኑ በነበሩት የግል ደብዳቤዎች አብሮ ላኪ ብዙም አይገኝም፤ ስለዚህ ጳውሎስ ብቻውን መናገር ያልፈለገበትን ምክንያት ከመልእክቱ መፈለግ ተገቢ ነው።

የመዝጊያው ሰላምታ፦ የሮሜ ምዕራፍ 16

ወደ መዝጊያው ስንመጣ ብዙ ጊዜ ልንሰጠው የሚገባው የሮሜ መልእክት የመጨረሻ ምዕራፍ ነው። በጉባኤ ሲነበብ የማይሰማ፣ በስብከትም የማይነካ ምዕራፍ መሆኑ ያሳዝነኛል፤ ስለ መጀመሪያዎቹ የሮም ክርስቲያኖች ኑሮ ይህን ያህል የሚነግረን ሌላ ገጽ የለምና።

በመጀመሪያ ስሞቹን በወረቀት ላይ በአንድ ረድፍ እንጻፍ። ሰላምታ የቀረበላቸው 24 ሰዎች በስም ተጠርተዋል፤ በስም ያልተጠሩ ሁለት ሴቶች፣ የሩፎን እናትና የኔርያ እኅት፣ ተጨምረው 26 ይሆናሉ። ቀጥለን ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ጳውሎስ የሰጠውን ምስክርነት እንጻፍ፦ ጵርስቅላና አቂላ አብረውት የሠሩ፣ ስለ ሕይወቱም ነፍሳቸውን ለሞት ያቀረቡ ናቸው፤ አጤኔጦን በእስያ ለክርስቶስ በኩራት የሆነ ነው፤ አንዲራኒቆንና ዩልያን ዘመዶቹና አብረውት የታሰሩ ናቸው፤ የሩፎን እናት ለጳውሎስም እናት ሆናለች። በጌታ እጅግ ደከሙ ተብሎ የተመሰከረላቸው አራቱም ሴቶች መሆናቸው ረድፉን በጻፈ ሰው ፊት በግልጽ ይወጣል። ብዙዎቹ ስሞች በዚያ ዘመን በባሪያዎችና ነጻ በወጡ ሰዎች ዘንድ የተለመዱ ነበሩ፤ የማኅበሩም ብዙ ክፍል ከዚያ ወገን እንደ ነበር መገመት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ ሰዎቹ በቡድን የተጠሩባቸውን ቦታዎች እናስምርባቸው። በጵርስቅላና በአቂላ ቤት ያለች ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ከአርስጣባሉ ቤተ ሰዎች የሆኑ አሉ፤ ከንርቀሱ ቤተ ሰዎች በጌታ ያሉ አሉ፤ አምስት ስም ተጠርቶ «ከእነርሱ ጋር ያሉ ወንድሞች» የተባሉ አሉ፤ ሌሎች አምስት ሰዎች ተነሥተው «ከእነርሱ ጋር ያሉ ቅዱሳን» የተባሉ አሉ። እንግዲህ የሮም ክርስቲያኖች በአንድ አዳራሽ የሚሰበሰቡ አልነበሩም፤ በልዩ ልዩ ቤቶች የሚገናኙ ትንንሽ ማኅበራት ነበሩ።

ይህን ከታሪኩ ጋር እናገናኘው። ንጉሠ ነገሥቱ ቀላውዴዎስ እ.ኤ.አ. በ49 ገደማ አይሁድን ከሮም አስወጣ፤ ከተሰደዱት መካከል አቂላና ጵርስቅላ እንደ ነበሩና ጳውሎስ በቆሮንቶስ እንዳገኛቸው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ይነግረናል። ቆየት ብሎ አንደኛ ቆሮንቶስ ሲጻፍ በእስያ ናቸው፤ በቤታቸው ያለችው ቤተ ክርስቲያንም ከእነርሱ ጋር ለቆሮንቶስ ሰዎች ሰላምታ ትልካለች። የሮሜ መልእክት እ.ኤ.አ. በ57 ገደማ ሲጻፍ ግን ቀላውዴዎስ ሞቷል፣ እነርሱም ወደ ሮም ተመልሰው በቤታቸው ማኅበር ይሰበስባሉ። ጳውሎስ ረግጧት በማያውቃት ከተማ ይህን ያህል ሰው እንዴት አወቀ ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይጀምራል፤ በስደት ላይ ሳሉ ያወቃቸው ሰዎች ተመልሰው ገብተዋል። ሌላም ነገር አለ። የሚያውቃቸው ብዙ ሰዎች ባሉባቸው በቆሮንቶስ፣ በተሰሎንቄና በፊልጵስዩስ ለማንም በስም ሰላምታ አያቀርብም፤ ጥቂቱን ጠርቶ ሌላውን መተው ቅሬታ ሳያመጣ አይቀርም ነበር። በማይታወቅበት ቦታ ግን የታወቁትን መጥራቱ ለእርሱ ምስክር ይሆንለታል፤ ሮማውያኑ ስለ ጳውሎስ መጠየቅ ቢፈልጉ ማንን እንደሚጠይቁ አሁን ያውቃሉ።

የሰላምታውን አነጋገር ልብ ማለት ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። ጳውሎስ በዚህ ዝርዝር ራሱ ሰላም ማለቱን አይጽፍም፤ አንባቢዎቹን «ሰላምታ አቅርቡልኝ» ብሎ ያዛል፤ በግሪክኛው ይህ ትእዛዝ ከቁጥር 3 እስከ 16 ድረስ 16 ጊዜ ተደጋግሟል። ሰላምታው ይፈጸም ዘንድ የአንዱ ቤት ማኅበር ተነሥቶ ወደ ሌላው ቤት መሄድ ወይም መላክ አለበት። አሁን ምዕራፍ 14ንና 15ን ተመልሰን ብናነብ የሮም ክርስቲያኖች ስለ መብልና ስለ ቀናት እርስ በርሳቸው ይፈራረዱ እንደ ነበር፣ ጳውሎስም ክርስቶስ እንደ ተቀበላቸው እርስ በርስ እንዲቀባበሉ እንዳዘዛቸው እናያለን። በምዕራፍ 15 የመከረውን በምዕራፍ 16 በእግራቸው እንዲፈጽሙት አደረገ ማለት ነው። ይህ የእኔ ንባብ ቢሆንም ከዝርዝሩ አሠራር ጋር የሚስማማ ይመስለኛል።

ዝርዝሩ የሚያበቃው «በተቀደሰ አሳሳም እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ» በሚለው ትእዛዝ ነው። ይህ ትእዛዝ በሮሜ፣ በሁለቱ የቆሮንቶስ መልእክቶችና በአንደኛ ተሰሎንቄ ይገኛል፤ በአንደኛ ጴጥሮስም የፍቅር አሳሳም ተብሎ ተጠቅሷል። በዚያ ዘመን መሳሳም የቤተ ዘመድ ሰላምታ ነበር፤ ጌታና ባሪያ፣ አይሁዳዊና ግሪካዊ በአንድነት በተቀመጡበት ስፍራ መታዘዙ ሰሚዎቹን ወንድማማች ያደርጋቸዋል። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ የክርስቲያኖችን አምልኮ ሲገልጽ ከጸሎት በኋላ፣ ኅብስቱና ጽዋው ከመቅረቡ በፊት፣ ምእመናን በመሳሳም ሰላም እንደሚባባሉ ጽፏል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» እያለ የሚያውጀው ከዚህ ሥርዓት የወረደ ነውና ቅዳሴ የሚያስቀድስ አንባቢ የጳውሎስን ትእዛዝ በየጊዜው ይሰማዋል።

የማን እጅ ነው የጻፈው?

በሮሜ 16 ድንገት ሌላ ድምፅ ይሰማል፤ መልእክቱን የጻፈው ጤርጥዮስ በራሱ ስም ሰላምታ ያቀርባል። ጳውሎስ ቃሉን እየተናገረ ሌላ ሰው ይጽፍለት ነበር፤ በዘመኑ የተለመደ ነገር ነው። ስለዚህም መዝጊያው ላይ ሲደርስ ብዕሩን ራሱ ይዞ ጥቂት ቃላት ይጨምራል። በአንደኛ ቆሮንቶስ፣ በቆላስይስና በሁለተኛ ተሰሎንቄ ሰላምታውን በገዛ እጁ እንደ ጻፈ ይናገራል፤ በሁለተኛ ተሰሎንቄም ይህ የመልእክቶቹ ሁሉ ምልክት እንደ ሆነ ይገልጻል፤ በገላትያ ደግሞ የፊደሎቹን ትልቅነት እንዲያዩ ይጋብዛቸዋል። አንባቢው የጳውሎስ እጅ ከየት እንደ ጀመረ ባወቀበት ቦታ መስመር ያስምርና ከዚያ በኋላ ያለውን ለይቶ ያንብብ። በአንደኛ ቆሮንቶስ ከሰላምታው ቀጥሎ በእጁ የጻፈው ጌታን ለማይወድ እርግማንን፣ ጌታ እንዲመጣ ልመናን፣ ጸጋንና የራሱን ፍቅር ነው፤ በቆላስይስ «እስራቴን አስቡ» የሚል አጭር ቃል ነው።

ፊልሞናን በዚህ መንገድ ማንበብ

እስካሁን ያልነውን በአንድ አጭር መልእክት ላይ እንሞክረው። የፊልሞና መልእክት 25 ቁጥሮች ብቻ ስላሉት በአንድ ተቀማጭ ያልቃል። ጳውሎስ ራሱን በመጀመሪያው ቃል «እስር» ብሎ ይጠራል፤ የሚለምነውም በእስራቱ ሳለ በእምነት ስለ ወለደው ስለ ፊልሞና ባሪያ ስለ አናሲሞስ ነው። አድራሻው ላይ ግን ፊልሞና ብቻውን አይደለም፤ አፍብያና አርክጳ አሉ፣ በቤቱ ያለችው ቤተ ክርስቲያንም አለች። የግል የሚመስለው ልመና በማኅበሩ ፊት እንዲነበብ ታስቧል ማለት ነው። አማርኛችን ነጠላውንና ብዙውን ስለሚለይ ቀጥሎ የሚሆነውን በግልጽ ማየት እንችላለን፦ ጸጋና ሰላም «ለእናንተ» ይሆናል፤ ከቁጥር 4 ጀምሮ ጳውሎስ «አንተ» እያለ ፊልሞናን ብቻ ያናግራል፤ በመጨረሻ በጸሎታችሁ እንድሰጣችሁ ተስፋ አደርጋለሁ ሲል ወደ «እናንተ» ይመለሳል፤ የመዝጊያው ጸጋም ለሁሉም ነው። በልመናው ጊዜ ሁሉ ማኅበሩ ከጎን ተቀምጦ እየሰማ ነው።

ከዚያም ኤጳፍራ፣ ማርቆስ፣ አርስጥሮኮስ፣ ዴማስና ሉቃስ ለፊልሞና ሰላምታ ያቀርባሉ። እነዚህ አምስት ሰዎች ጉዳዩን ያውቃሉ፤ ፊልሞና የሚሰጠውን መልስም ይሰማሉ። የቆላስይስን ምዕራፍ 4 አጠገቡ ብንከፍት አምስቱም እዚያ አሉ፤ አርክጳም አናሲሞስም ተነሥተዋል፤ አናሲሞስ «የታመነና የተወደደ ወንድም» ተብሎ ከመልእክተኛው ጋር ይላካል። ሰላምታዎቹን በማነጻጸር ብቻ ሁለቱ መልእክቶች ከአንድ አካባቢ ሰዎች ጋር የተያያዙ መሆናቸውን ደርሰንበታል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልግባቸው ቦታዎች

የሌለ ነገር አንዳንድ ጊዜ ይናገራል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። በኤፌሶን መልእክት ለአንድም ሰው በስም ሰላምታ አልቀረበም፤ የሐዋርያት ሥራ እንደሚለው ደግሞ ጳውሎስ በዚያች ከተማ ከሁለት ዓመት በላይ ተቀምጧል። ከጥንታውያኑ ቅጂዎች አንዳንዶቹ፣ የሲናና የቫቲካን የሚባሉት ታላላቅ ቅጂዎች ጭምር፣ በመጀመሪያው ቁጥር ላይ «በኤፌሶን» የሚለው ቃል መጀመሪያውኑ አልነበራቸውም። ስለዚህ መልእክቱ በየከተማው እየዞረ እንዲነበብ የተጻፈ ነው የሚል ሐሳብ ብዙዎች አቅርበዋል። ይህ አሳማኝ ቢሆንም ከስሞች መቅረት ብቻ የተነሣ ቢሆን ኖሮ አይበቃም ነበር፤ የቅጂዎቹ ምስክርነት ስለ ደገፈው ነው ክብደት ያገኘው።

ስሞችን ከስሞች ጋር ስናገናኝም እንዲሁ ነው። የማርቆስ ወንጌል የቀሬናው ስምዖን የእስክንድሮስና የሩፎን አባት እንደ ነበር ይነግረናል፤ በሮሜ የተጠራው ሩፎን እርሱ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ስሙ የተለመደ ስም ነውና «ሊሆን ይችላል» ከማለት አንለፍ። በፊልጵስዩስ መጨረሻ ሰላምታ የላኩት «ከቄሣር ቤት የሆኑት» የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ ዘመዶች ናቸው ብሎ የሚሰብክ ሰው ይሰማል፤ ቃሉ በዋነኛነት የሚያመለክተው በቄሣር አገልግሎት ውስጥ የነበሩትን ባሪያዎችና ነጻ የወጡ ሰዎች ነው፤ እነርሱም በሮም ብቻ ሳይሆን በሌሎች ከተሞችም ነበሩ። በዕብራውያን መጨረሻ «ከኢጣልያ የሆኑት» ሰላምታ ያቀርባሉ ሲባልም መልእክቱ ከኢጣልያ ተላከ ማለት ይሁን ወይስ ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ ኢጣልያውያን ወደ አገራቸው ሰላምታ ላኩ ማለት ይሁን ቃሉ ብቻውን አይወስንልንም።

ከሐዋርያት በኋላ

ይህ የንባብ መንገድ ከአዲስ ኪዳን በኋላ ለተጻፉ መልእክቶችም ይሠራል። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከሮም ወደ ቆሮንቶስ የተላከውና የቀሌምንጦስ መልእክት የሚባለው ጽሑፍ የሚከፈተው በግለሰብ ስም አይደለም፤ በሮም በእንግድነት የምትኖረው የእግዚአብሔር ቤተ ክርስቲያን በቆሮንቶስ በእንግድነት ለምትኖረው ትጽፋለች። ይህ መልእክት በአገራችን «ቀሌምንጦስ» ከሚባለው መጽሐፍ የተለየ ነው። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በወታደሮች ታጅቦ ወደ ሮም ለሞት ይወሰድ የነበረው የአንጾኪያው አግናጥዮስ ደግሞ ረጃጅም መክፈቻዎችን ይጽፋል፤ ራሱን «አምላክን የተሸከመ» ብሎ ይጠራል፣ በአብዛኛው መልእክቶቹም የግሪኩን ተራ ሰላምታ መልሶ ይጠቀማል። በሦስተኛውና በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ የተጻፉ ተራ ክርስቲያኖች ደብዳቤዎችም በዚያው በተራው ሰላምታ ላይ «በጌታ» የሚል አንድ ቃል ይጨምራሉ፤ የደብዳቤውን ጸሐፊ ክርስቲያንነት ለማወቅ ብዙ ጊዜ የሚረዳው ይኸው ቃል ነው።

ሰላምታ በእነዚህ ማኅበራት ዘንድ ምን ያህል ክብደት እንደ ነበረው ለማወቅ የዮሐንስን ሁለተኛና ሦስተኛ መልእክቶች በተከታታይ ማንበብ ይበጃል። በሁለተኛው መልእክት የክርስቶስን ትምህርት ሳያመጣ የሚመጣን ሰው በቤት እንዳይቀበሉት፣ ሰላምም እንዳይሉት ታዝዟል፤ ሰላም የሚለው በክፉ ሥራው ይካፈላልና። ሦስተኛው መልእክት በአዲስ ኪዳን ከሚገኙት መልእክቶች ይልቅ ለዘመኑ የግል ደብዳቤ የሚቀርብ ነው፤ እንደ አፒዮን ደብዳቤ ለተቀባዩ ለጋይዮስ ጤናን በመመኘት ይጀምራል። በመካከሉ በማኅበሩ ላይ አለቃ ለመሆን የሚወድ አንድ ሰው መልእክተኞቹን እንዳልተቀበለ፣ መቀበል የሚፈልጉትንም ከቤተ ክርስቲያን እንደሚያወጣ እናነባለን። መዝጊያው ላይ ጸሐፊው ለማኅበሩ በጠቅላላ ሰላምታ አይልክም፤ ወዳጆቹን በየስማቸው ሰላም እንዲልለት ጋይዮስን ይለምነዋል። በዚያች ከተማ ለመልእክተኞች በራቸውን ለመክፈት የደፈሩት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ ጋይዮስ ያውቅ ነበር፤ ሰላምታውንም ወደ እያንዳንዳቸው በር ይዞ መሄድ ነበረበት።